አሥራት ያቆምኩባቸው ስምንት ወራት

ከሥራ በተቀነስኩ በሦስተኛው ወር አሥራት ለመክፈል ተበደርኩ። አዎ፣ ተበደርኩ። ያን ወር ወዲህ ወዲያ ብዬ ያገኘኋት ገንዘብ አንድ አስረኛዋን ሳላነሳላት ለቤት ኪራይ አለቀች። ጨነቀኝ። ጓደኛዬ ጋ ደውዬ "እስከ ወር መጨረሻ ብቻ" ብዬ ተቀበልኩና በፖስታ አሽጌ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ጓደኛዬ ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ የምዋሸው ይመስለኛል። ያ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላነቃኝም።

ይህን የምጽፈው አሥራት ዛሬም ክርስቲያንን ይመለከታል ወይ በሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው። የሥነ መለኮት ምሁር አይደለሁም። ግን በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። በፍርሃት የከፈልኩበት ዘመን አለ፣ "ነጻ ወጣሁ" ብዬ እጄን የሰበሰብኩበት ጊዜም አለ። ስለ ሁለተኛው ብዙ ሰው አያወራም፤ እኔ ግን ይበልጥ የማፍረው በእሱ ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። ያደግኩበት ቤተ ክርስቲያን ለእያንዳንዱ አባል የአሥራት ካርድ ይሰጥ ነበር። አሥራ ሁለት ሳጥን አለው፣ በየወሩ ገንዘብ ያዡ ይፈርምበታል። ባዶ ሳጥን ያለበት ካርድ ይዞ ወረፋ ላይ መቆም ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንም ምንም አይልህም። ግን ገንዘብ ያዡ ባዶዋ ሳጥን ላይ እስክሪብቶውን ለአፍታ ያቆማል፣ ከዚያ ያልፋታል። ያቺ አፍታ ትበቃለች። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ስብከቱ ይታወቃል፤ ሚልክያስ ምዕራፍ 3። "ሰው እግዚአብሔርን ይሰርቃልን?" ከዮሐንስ 3፥16 ቀጥሎ በቃሌ የያዝኩት ጥቅስ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። አሥራቱን የበላ ሰው ገንዘቡን በሌላ በኩል ይከፍለዋል ይባል ነበር፤ ወይ በበሽታ፣ ወይ በብልሽት፣ ወይ በሌባ። ስለዚህ አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሼ ሒሳብ እሠራለሁ። የትኛውን ወር ነው ያጎደልኩት?

ወደ ተበደርኩበት ወር ልመለስ። ፖስታውን ካስገባሁ ከአራት ቀን በኋላ እናቴ ክፍል ገባሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ወጪውን የምሸፍነው እኔ ነኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትንሽ ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ክኒኑን በምላጭ ለሁለት ትከፍላለች። በጣም ተጠንቅቃ። ፍርፋሪው እንዳይባክን በጣቷ ጫፍ እየለቀመች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ግማሹም ይሠራል ልጄ። አንተ ሥራ እስክታገኝ ነው።"

ከዚያች ቀን ሁለት ሳምንት በፊት መድኃኒቱ እያለቀ መሆኑን ነግራኝ ነበር። እኔም "ትንሽ ታገሺኝ" ብያታለሁ። ለእሷ ያልተበደርኩትን ለካርዱ ተበደርኩ። አንጀቴ ተላወሰ ብል አይገልጸውም። በዚያው ሌሊት ማርቆስ 7ን አነበብኩ። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ክፍል ነው፣ ግን የዚያን ሌሊት ሌላ ሆኖ ታየኝ። ኢየሱስ ፈሪሳውያንን የሚገስጽበት ነው። አባትና እናታቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ገንዘብ "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው" ብለው ከወላጆቻቸው ያስቀሩ ነበር። ኢየሱስ "እንዴት ያለ መንፈሳዊነት ነው" አላላቸውም። በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ ነው ያላቸው።

በማግስቱ ለመድኃኒቱ ተበደርኩ። (ከዚያው ጓደኛዬ። አሁንም አልጠየቀኝም። የተባረከ ሰው ነው።) ከዚያም አሥራት የሚል ቃል ያለበትን ቦታ ሁሉ ከኦሪት ጀምሬ ለማንበብ ወሰንኩ። ስብከት ሳልሰማ፣ ማብራሪያ ሳልከፍት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዤ። ሥራ ስላልነበረኝ ጊዜ ሞልቶኛል።

መጀመሪያ የገረመኝ ገንዘብ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ዘሌዋውያን 27 ላይ አሥራት የሚወጣው ከምድር ፍሬና ከከብት ነው። ከከብቱ ደግሞ በእረኛው በትር ሥር ሲያልፍ አሥረኛ የሆነው ይለያል። ቆይ፣ ይህን ልብ በሉ። አሥረኛው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ዘጠኝ በግ ያለው ሰው ሲቆጥር አሥረኛ ላይ አይደርስም። "በዚያ ዘመን ገንዘብ ስላልነበረ ነው" እንዳይባል ገንዘብ ነበረ፤ አብርሃም የሣራን መቃብር የገዛው በ400 ሰቅል ብር ነው። ግን በሕጉ ውስጥ አናጺ ከሠራበት ዋጋ፣ ዓሣ አጥማጅ ከያዘው ዓሣ አሥራት ያውጣ የሚል አላገኘሁም።

ቀጥሎ ዘኍልቍ 18 መጣ። አሥራቱ በመቅደሱ ለሚያገለግሉት ሌዋውያን ነው፤ ምክንያቱም ርስት መሬት አልተሰጣቸውም። እነሱም ከተቀበሉት ላይ አሥራት አውጥተው ለካህናቱ ይሰጣሉ። ሚልክያስ "አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ፣ የሰማይን መስኮት እከፍትላችኋለሁ" ሲልም ጎተራው እውነተኛ ጎተራ ነው፣ እህል የሚገባበት ክፍል። ነህምያ 13ን ስታነቡ ነገሩ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ዕቃ ቤቱ ጦብያ ለሚባል ሰው ተሰጥቶ፣ የሌዋውያን ድርሻ ቀርቶ፣ እነሱም አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር። ሰዎቹ የሚበሉት ያጡ ሰዎች ናቸው። ሚልክያስ የሚቆጣው ለዚህ ነው። እኔ ስሰማ ያደግኩት ግን ጎተራው የኔ ባንክ ደብተር፣ የሰማይ መስኮቱም የደመወዝ ጭማሪ እንደሆነ ነበር።

ዘዳግም 14 ላይ ስደርስ ግን ደብተሩን ዘግቼ ሳቅኩ። አሥራትህን ውሰድ፣ እግዚአብሔር በመረጠው ቦታ ብላው ይላል። ራስህ! መንገዱ ከራቀብህ ሽጠው፣ ገንዘቡን ይዘህ ሂድ፣ እዚያ ነፍስህ የወደደችውን ግዛ፣ የወይን ጠጅም ቢሆን ብርቱ መጠጥም ቢሆን፣ ከነቤተሰብህ በልተህ ደስ ይበልህ፤ ሌዋዊውንም አትርሳው። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ በደጅህ ተከማችቶ ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ወላጅ ለሌለውና ለመበለቲቱ ይሰጣል። የአይሁድ መምህራን እነዚህን የተለያዩ አሥራቶች አድርገው ስለቆጠሯቸው ድምሩ አሥር በመቶ ሳይሆን ወደ ሃያ ይጠጋል። በሰባተኛው ዓመት ደግሞ ምድሪቱ ስለምታርፍ አሥራት የለም። እንግዲህ ሕጉ እንዳለ ይፈጸም የሚል ሰው ካለ ይህን ሁሉ ይዞ ይምጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ስለ አሥራት ስሰማ ይህ ክፍል ከመድረክ ሲነበብ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

የተለመዱት መከራከሪያዎች እኔም ጋ ነበሩ፣ አንድ በአንድ ታገልኳቸው። ትልቁ "አብርሃም ከሕግ በፊት አሥራት አውጥቷል፣ ስለዚህ ሕግ ቢሻርም አሥራት አይሻርም" የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ዘፍጥረት 14 ላይ ለካህኑ ለመልከ ጼዴቅ ሰጥቷል። ግን የሰጠው ከጦር ምርኮ ነው፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይሰጥ እንደነበር የሚናገር የለም፤ የቀረውን ምርኮ ደግሞ ለራሱ አልወሰደም። ግዝረትና የእንስሳት መሥዋዕትም እኮ ከሙሴ በፊት ነበሩ። ከሕግ በፊት መኖር ብቻውን አንድን ነገር ዘላለማዊ አያደርገውም። ያዕቆብም ዘፍጥረት 28 ላይ "ብትጠብቀኝ፣ ብታበላኝ፣ ብታለብሰኝ" ብሎ የተሳለው ስለት ነው።

ሁለተኛው ማቴዎስ 23፥23 ነው። ኢየሱስ ፈሪሳውያንን ከጥቃቅኑ አትክልት አሥራት እያወጣችሁ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ትታችኋል ካላቸው በኋላ ያንንም ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባ ነበር ይላል። ይህ ጥቅስ ቀላል አይደለም፣ ለብዙ ቀን ይዞኛል። በመጨረሻ ያሳረፈኝ ማቴዎስ 8 ነው። እዚያ ኢየሱስ ከለምጽ የነጻውን ሰው ራሱን ለካህን እንዲያሳይና ሙሴ ያዘዘውን መባ እንዲያቀርብ ይነግረዋል። ቤተ መቅደሱ ቆሟል፣ ሰሚዎቹ ከሕግ በታች ያሉ አይሁድ ናቸው። ከበሽታ ስንድን ያንን መባ እናቅርብ የሚል ክርስቲያን አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ ማድረስም አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት መልእክቶች ስለ መስጠት ብዙ ይላሉ፤ አሥራትን አንሥቶ የሚናገረው ግን ዕብራውያን 7 ብቻ ነው። እሱም የሚያስረዳው ክህነቱ እንደተለወጠ ነው። የአሕዛብ ክርስቲያኖች ምን ይጠበቅባቸዋል የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የተነሣው የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ነው። አራት ነገር ተጻፈላቸው፣ አሥራት የለበትም። ጳውሎስ ገንዘብ ሲያሰባስብ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ጽፎ (2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9) መቶኛ አልጠቀሰም። ሚልክያስንም አላነሣም። "እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም" ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያን አሥራትን በጉባኤ ውሳኔ ግዴታ ስታደርገው የምናገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ585 በዛሬዋ ፈረንሳይ የተደረገው የማኮን ጉባኤ ያልከፈለ ይወገዝ አለ። ቆይቶ በአውሮፓ የመንግሥት ሕግ ሆኖ ገበሬው እንደ ግብር ከፈለው፤ ፈረንሳይ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1789 አብዮት ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ስህተት ሠራሁ። ደብተሬን ይዤ ሰባኪው ጋ ሄድኩ። ልጠይቀው ሳይሆን ላሸንፈው ነበር የሄድኩት። ድምፃችን ከፍ አለ። "አንተ ስስታም ሆነህ ነው ጥቅስ የምትፈልገው" አለኝ። ተኮራርፎ ከመለያየት በቀር ምንም አልተረፈኝም ልል ፈልጌ ነበር፣ ግን ልክ አይሆንም። አንድ ነገር ተርፎኛል። ያቺ "ስስታም" የምትል ቃሉ በኋላ ተከተለችኝ።

ምክንያቱም አቆምኩ። ሥራ አገኘሁ፣ ዕዳዬን ጨረስኩ፣ ከዚያም ለስምንት ወር ለማንም ምንም አልሰጠሁም። አሥራት የለም፣ መባ የለም፣ ለድሃ የለም። መሶብ በሚያህል ቅርጫት መባ ሲሰበሰብ አንገቴን ደፍቼ ስልኬን አያለሁ። ስልኩም አዲስ ነው፤ ከአሥራቱ በተረፈው የገዛሁት። ማንም ሲጠይቀኝ መልስ አለኝ፣ በግድ አይደለም፣ በልቡ እንዳሰበ ነው የተባለው። ልቤ ግን ምንም አላሰበም! ጥቅሱን የምጠቅሰው ከመሃል ጀምሬ ነበር።

የያዘችኝ ሚስቴ ናት። አንድ ቀን የወሩን ወጪ አብረን ስንጽፍ ቀና ሳትል "አሥራቱስ ቀረ፣ ገንዘቡ የት ሄደ?" አለችኝ። ክርክር አልነበረም። ሒሳቡ ስላልገጠመላት ብቻ ነው የጠየቀችው። ወደ እማዬ መድኃኒት ሄዷል ልል አፌን ከፈትኩ። የመድኃኒቱ መስመር እኮ እዚያው ደብተሩ ላይ ነው፣ ድሮ ከነበረው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። እናቴን ምክንያት አድርጌ ነጻ ወጣሁ፣ ነጻ ስወጣ እሷንም ረሳኋት። ደህና አድርጎ አሳፈረኝ።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን መምህር ሄሬኔዎስ አይሁድ አሥራታቸውን ይለዩ ነበር፣ ነጻነትን የተቀበሉት ግን ያላቸውን ሁሉ ለጌታ ጉዳይ ያደርጋሉ ብሎ ጽፏል። ሳነበው ተናደድኩበት። ነጻነት ያሰፋል ብሎ ነው የገመተው፣ የኔ ግን አጠበበ።

አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ሕግ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ደመወዝ በገባ ቀን ሁለታችን እንቀመጣለን። በቅድሚያ የእናቴ ወጪ ይነሣል። ይህን "መስጠት" ብለን አንቆጥረውም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለራሱ ወገን የማያስብ ከማያምን ሰው ይከፋል ስለሚል ግዴታችን ነው። ከመስጠት ጋር ከቀላቀልነው ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እንደገና እሷን ምክንያት አደርጋለሁ። ዕዳ ካለ ይከፈላል። ከዚያ ምን ያህል እንደምንሰጥ ገንዘቡ ሳይነካ እንወስናለን። ጳውሎስ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንዳገኘው መጠን ያስቀምጥ ያለውን (1ኛ ቆሮንቶስ 16) የምንረዳው እንደዚህ ነው፤ በወር መጨረሻ ከተረፈው የሚሰጥ ሰው ምንም አይተርፈውም፣ ሞክሬዋለሁ። መጠኑ መጀመሪያ ከአሥር በመቶ በጣም ያንስ ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ የካርዱ ሳጥን በሌላ መልክ እንዳይመጣብኝ።

ከዚያ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ። ሕንጻውን እጠቀማለሁ፣ መብራቱን እጠቀማለሁ፣ የሚያስተምረኝም ሰው ቤተሰብ አለው። አሥራት ግዴታ አይደለም ማለት አገልጋይ በአየር ይኑር ማለት አይደለም፤ ገላትያ 6፥6 ግልጽ ነው። አሁን የምንሄድበት ቦታ ስንገባ ግን ሽማግሌውን "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሒሳባችሁ ለአባላት ይነበባል ወይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የዓመቱን ሪፖርት አውጥተው ሰጡኝ። ጳውሎስ ራሱ ያሰባሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20 ላይ ታገኙታላችሁ። ሒሳብ መጠየቅ አለማመን አይደለም።

በብዛት የምጠየቀው "አሥራት የሚወጣው ግብር ከመቆረጡ በፊት ካለው ነው ወይስ ከተጣራው?" የሚለው ነው። እኔም በዚህ ጥያቄ ዓመታት ተሰቃይቻለሁ። የእረኛው በትር ስር የሚያልፈውን እየቆጠርክ ካልሆነ በቀር መልስ የለውም። አሥር በመቶን እንደ መነሻ የሚጠቀሙ፣ በደስታ የሚሰጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ አትንኩባቸው። በብድር ግን አታድርጉት። ጳውሎስ "ፈቃድ ካለ ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው አይደለም" የሚል ሐሳብ ነው የጻፈው። አሥራት ያላወጣ ይረገማል የሚለውን የምትፈሩ ከሆነ ደግሞ ክርስቶስ ከሕግ እርግማን ዋጀን የሚለውን ገላትያ 3፥13ን ደጋግማችሁ አንብቡት። አንዴ ማንበብ አይበቃም። ከራሴ ነው የምናገረው።

ባለፈው አንድ ወር ላይ ወጪ በዝቶብን ከወትሮው ያነሰ ሰጠን። በሳምንቱ ማታ ላይ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ በውኃ ተጥለቀለቀ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ በባልዲ እየቀዳሁ እያለ ያ የድሮ ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ጀመረ። ይኸው፣ የቀነስነው መጣ። አፌ ላይም አምልጦኝ ኖሯል፣ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ሰማችኝ።

"ቧንቧው ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ፣ ቤቱ ሲሠራ የገባ ነው።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ውኃውን ቅዳ።"